ለልጅቷ ለብቻዋ አታብስሉ፦ ለውዝና ጤፍ ለመላው ቤተሰብ

ልጄ ሴሊያክ፣ ማለትም ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት በሽታ፣ እንዳለባት የታወቀ ጊዜ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ትንሽ ድስት መግዛት ነበር። የሷ ድስት። ለእኛ ፓስታ፣ ለሷ ሩዝ። ለእኛ ጨጨብሳ፣ ለሷ ድንች። ወር ሳይሞላ ታከተኝ። ከድካሙ በላይ ያንገበገበኝ ግን እጇን አጣጥፋ የወንድሟን ሳህን ስታይ ማየቴ ነው። እኛ ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው። ልጅን ከትሪው ማውጣት ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ትንሿን ድስት አንስቼ ትልቁን ድስት ለሁላችንም ከግሉተን ነፃ አደረግኩት።

ይህን እንዳደርግ ያገዘኝ ለውዝ ነው። ለውዝ ስል ኦቾሎኒን ማለቴ ነው፣ አንዳንዱ ሰፈር እንዲህ አንዳንዱ ሰፈር እንዲያ ይለዋል። ወጥ ያወፍራል፣ ሆድ ይይዛል፣ ብስኩት ይሆናል፣ በፆምም ይበላል። በ100 ግራም ውስጥ ወደ 25 ግራም ፕሮቲን አለው። ዋጋውም ከውጭ ከሚመጣው ልዩ ዱቄት ጋር አይወዳደርም።

ወደ ምግቡ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። የልጃችሁን ሆድ እየነፋው ወይም እያስቀመጠው ከሆነ፣ በራሳችሁ ስንዴ ከማቆማችሁ በፊት ሐኪም ጋ ውሰዱት። የሴሊያክ የደም ምርመራ በትክክል የሚያሳየው ልጁ ግሉተን እየበላ ሳለ ነው። አስቀድማችሁ ካቆማችሁ ውጤቱ ነፃ ነው ሊል ይችላል፣ እናንተም እንደገና ስንዴ አብልታችሁ መጠበቅ ይመጣባችኋል።

ግሉተን ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። የስንዴ ሊጥ ስትጎትቱት እንደ ላስቲክ የሚለጠጠው በሱ ነው። ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ ቡላ፣ ቆጮ፣ ሽምብራ፣ ምስር የለባቸውም። ድፎ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ሳምቡሳ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ የገብስ ቅንጬ አለባቸው። አጃ ብዙ ጊዜ ከስንዴና ከገብስ ጋር ስለሚነካካ እኔ ቤት አላስገባውም።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። ለውዝ ራሱ ግሉተን የለበትም፤ የሚያበላሸው የሚነካው ነገር ነው። መንገድ ዳር ቆሎ የምትሸጥ እህት ጋ ለውዙ ከገብሱ ተለይቶ በላስቲክ ታስሮ ታዩታላችሁ። መስፈሪያዋን ግን እዩ። አንድ ስኒ ነው፣ ገብሱንም ለውዙንም የሚሰፍረው። የተቆላበት ብረት ምጣድም ያው አንድ ነው። አሜሪካና አውሮፓ «ከግሉተን ነፃ» ተብሎ ለሚሸጥ ምግብ የተፈቀደው ግሉተን በአንድ ኪሎ ከ20 ሚሊግራም የማይበልጥ ነው። ይህን ልክ ለማለፍ የዳቦ ፍርፋሪ ይበቃል። ስለዚህ የተቆላ አትግዙ። ጥሬውን ገዝታችሁ ራሳችሁ ቁሉት።

እኔ ጥሬ ገዝቼ፣ በንጹሕ ምጣድ ቆልቼ፣ ልጄን ሁለት ቀን ሆዷን አመማት። ዞሬ ዞሬ ያገኘሁት ሰፌዱን ነው። ለዓመታት የገብስ ቆሎ ያበጠርንበት ሰፌድ። ነጭ ወረቀት ላይ ገልብጬ መታ መታ ሳደርገው በስፌቱ መሃል ተደብቆ የኖረ ብናኝ ወረቀቱ ላይ ወረደ። ሰፌድ እንደ ሳህን አይታጠብም። አዲስ ግዙና ለዚህ ብቻ ለዩት። የእንጨት ማማሰያውንና ወንፊቱንም እንዲሁ።

ስትገዙ ጊዜ ወስዳችሁ ልቀሙት። ከሐረር ወደ ጅግጅጋ ስትሄዱ የምታገኟት ባቢሌ በለውዝ ስሟ የታወቀ ነው፣ ከዚያ የመጣ ካገኛችሁ ደስ ይላል። ግን የትም ይምጣ፣ የተጨማደደውን፣ የጠቆረውንና ሻጋታ የነካውን አውጥታችሁ ጣሉ። እርጥበት ያገኘው ለውዝ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይሠራል፣ ጉበት ይጎዳል፣ መቁላትም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ቀምሳችሁ ከመረራችሁ ትፉት። በዚህ ላይ አትሳሱ።

አቆላሉ ቀላል ነው። ለስለስ ባለ እሳት፣ እጃችሁ ሳያርፍ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። ገለፈቱ መሰንጠቅ ሲጀምርና ቤቱን ሽታው ሲሞላው አውርዱ፣ ምጣዱ ላይ ከተዋችሁት በራሱ ሙቀት ያርራል። ሲበርድ በሁለት እጃችሁ እሹት፣ ከዚያ በአዲሱ ሰፌድ ገለፈቱን አንፍሱለት።

የለውዝ ቅቤ ለመሥራት ሦስት ኩባያ የተቆላ ለውዝ፣ ገና ለብ እንዳለ፣ ደረቅ ብሌንደር ውስጥ ጨምሩ። መጀመሪያ ዱቄት ይሆናል። ከዚያ ይጓጉላል፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ የተበላሸ መስሎት ውኃ ይጨምርበታል። ውኃ አትጨምሩ። እያጠፋችሁ፣ ዳር ዳሩን በማንኪያ እየጠረጋችሁ ቀጥሉ፤ ከአምስት እስከ ስምንት ደቂቃ ውስጥ የራሱ ዘይት ይወጣና እንደ ማር መፍሰስ ይጀምራል። ቁንጥር ጨው ጨምሩና ክዳን ያለው ጠርሙስ ውስጥ ገልብጡት።

ከዚህ በኋላ እኛ ቤት በጣም የምንወደው ዱባ ወጥ በለውዝ ነው። ለስድስት ሰው ሦስት መካከለኛ ሽንኩርት ከትፋችሁ በዘይት አቁላሉ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ በርበሬና የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት ጨምሩ፣ በደንብ ይብሰል። አንድ ኪሎ ዱባ ቆራርጣችሁ አስገቡ፣ ውኃ ጠብ አድርጉበት። ዱባው ሲለሰልስ ግማሽ ኩባያ የለውዝ ቅቤ በሌላ ዕቃ በሙቅ ውኃ አቅጥኑ። መጀመሪያ ይጠጥራል፣ ውኃውን ጥቂት በጥቂት እየጨመራችሁ ስታሹት ይቀጥናል። ይህን ወጡ ላይ ገልብጡና እሳቱን ቀንሱ። ለውዝ ታች ይይዛል፣ ስለዚህ ለአሥር ደቂቃ ከአጠገቡ አትራቁ፣ የድስቱን ሥር እየነካችሁ አማስሉ። ዘይቱ ወደ ላይ ብቅ ሲል ደርሷል። ጎመንም በዚሁ መንገድ ይሠራል፣ በርበሬውን ትታችሁ ቃሪያና ዝንጅብል አድርጉበት።

እንጀራውስ? ጤፍ መሆኑ ብቻ አይበቃም። ከሱቅ ስትገዙ «ምን ተቀላቅሎበታል?» ብላችሁ ጠይቁ። ገብስ ወይም ስንዴ የሚቀላቅሉ አሉ፣ በተለይ አሜሪካ ያላችሁ የእሽጉን ጀርባ ሳታነቡ አትግዙ። ቤት የምትጋግሩ ከሆነ ሦስት ቦታ ተጠንቀቁ። ወፍጮ ቤት ከናንተ በፊት የተፈጨው ስንዴ ከሆነ ድንጋዩ ላይ የቀረው ወደናንተ ዱቄት ይገባል፤ ጠዋት ከሁሉ ቀድማችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ ሁለት ኪሎ ርካሽ በቆሎ አስፈጩና እሱን ለሌላ ስጡ። ይህ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። ለስንዴ የማይውል ወፍጮ ካገኛችሁ እሱን አትልቀቁ። ሁለተኛው እርሾ ነው። ከጎረቤት የወሰዳችሁት እርሾ የገብስ ቅልቅል ሊጥ ላይ የኖረ ከሆነ ዞሮ እናንተ ሊጥ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ከጤፍና ከውኃ የራሳችሁን አስነሱ፣ ጥቂት ቀን ቢፈጅም። ሦስተኛው የስንዴ ቂጣ የተጋገረበት ምጣድና ማሰሻው ጨርቅ ነው። ጥሬ ጤፉን ከማስፈጨታችሁ በፊት በወንፊት አሳልፉት። ጤፍ ያልፋል፣ የገባበት የስንዴ ፍሬ ካለ ወንፊቱ ላይ ይቀራል።

ለቁርስ ጨጨብሳን የሚተካ ፈልጌ ብዙ ሞከርኩ። የተሳካልኝ የጤፍ ቂጣ ነው። አንድ ኩባያ የጤፍ ዱቄት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ፣ ጨው፣ ከአንድ ኩባያ ትንሽ የበለጠ ውኃ። ተልባው የግሉተኑን ሥራ ይሠራል፣ ይይዘዋል። አሥር ደቂቃ አሳርፋችሁ በሁለቱም በኩል ጋግሩ፣ ትኩሱን ቆራርሳችሁ በሙቅ ውኃ የቀጠነ የለውዝ ቅቤና ማር አፍስሱበት። ትልልቆቹ በርበሬ ይነስንሱበት። ለቀዝቃዛ ጠዋት ለውዝ ሻይ አለ፦ ሁለት ማንኪያ የለውዝ ቅቤ፣ ሁለት ኩባያ የፈላ ውኃ፣ ስኳር፣ መትታችሁ አፍሉት። አለቀ።

ብስኩቱ ደግሞ ለትምህርት ቤት መክሰስ ነው። አንድ ኩባያ የለውዝ ቅቤ፣ ሦስት ሩብ ኩባያ ስኳር፣ አንድ እንቁላል፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የጤፍ ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር። የቤኪንግ ፓውደሩን ቆርቆሮ አንብቡ፣ የስንዴ ስታርች ያለበት አለ። ሁሉንም አዋህዳችሁ እንደ ዋልነት ፍሬ ትናንሽ አድቦልቡሉ፣ በሹካ ጫን ጫን አድርጉ፣ በ175 ዲግሪ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ጋግሩ። ከኦቭን ሲወጣ ለስላሳ ነው፣ ብታነሱት ይፈርሳል። ትሪው ላይ ሙሉ በሙሉ እስኪበርድ አትንኩት፣ ያኔ ይጠነክራል። በፆም እንቁላሉን አንድ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውኃ በጥብጣችሁ ተኩት። ለሁለቱም ልጆች አንድ ዓይነት ነው የምቋጥርላቸው።

ግን ወደ ትምህርት ቤት ከመላካችሁ በፊት መምህሯን ጠይቁ። ለውዝ የማይስማማው ልጅ ክፍል ውስጥ ካለ ብስኩቱ ቤት ይቅር፣ የዚያ ልጅ ጉዳይ ከኛ ልጅ ሆድ የበለጠ አስቸኳይ ሊሆን ይችላል። እናንተም ቤት ለውዝ በልቶ ከንፈሩ ያበጠ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ልጅ ካለ ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰዱት፣ «ትንሽ እንሞክር» አይባልም። ከአምስት ዓመት በታች ላሉትም ያልተፈጨ ለውዝ አትስጡ፣ ያንቃል። ለነሱ ቅቤው፣ ያውም በስሱ የተቀባ ወይም የቀጠነው ነው።

የተቆላውም ቅቤውም ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ፣ ውጭ ሲቆይ የቆየ ዘይት ይሸታል። ጠርሙሱን ለዩት። ዳቦ የቀባ ማንኪያ አንዴ ተመልሶ ከገባበት ጠርሙሱ በሙሉ ለልጅቷ አይሆንም። እኛ ቤት ዳቦ ለሚበላ እንግዳ ሌላ ጠርሙስ አለ፤ የሷ አንገቱ ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል። ይህንን ለመጣው ሰው ሁሉ የሚያስረዳው ታናሽ ወንድሟ ነው።