ከመሐላ ይልቅ ዕቅድ፦ ካናቢስ መቀነስ የሚፈልግን ሰው እንዴት እንርዳው?

ወሎ ውስጥ አንድ ወጣት ጋንጃ (ካናቢስ) እንደሚያጨስ ቤተሰቡ ሲያውቅ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚደረገው ማስማል ነው። በቁርኣን ወይም በመስቀል ይምላል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ልጁም ከልቡ «ሁለተኛ አልነካም» ይላል። ይህ በፍቅር የሚደረግ ስለሆነ አላቃልለውም። ሆኖም መሐላው ልጁ ምን እንደማያደርግ ይናገራል እንጂ፣ ዓርብ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ጓደኛው ሲደውልለት ምን እንደሚያደርግ አይነግረውም። መሐላው የፈረሰ ዕለት ደግሞ ኃፍረት ይጨመርበታል፤ ሊረዱት ከሚችሉት ሰዎች ይሸሻል፣ ማጨሱንም ይደብቃል። ይህ መመሪያ ለታላቅ ወንድም፣ ለእህት፣ ለጓደኛ፣ ለመምህርና ለጤና ባለሙያ የተጻፈ ሲሆን፣ መቀነስ የሚፈልግን ሰው በትንንሽ የተጻፉ ዕቅዶች መርዳት የሚቻልበትን መንገድ ያሳያል።

ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ «ይህን ማድረግ እፈልጋለሁ» ከሚለው ሐሳብ ይልቅ «ይህ ሁኔታ ሲገጥመኝ ይህን አደርጋለሁ» ተብሎ አስቀድሞ የተወሰነ ዕቅድ ወደ ተግባር የመለወጥ ዕድሉ የሰፋ ነው። እሱና ፓስካል ሺራን እ.ኤ.አ. በ2006 በዘርፉ የተሠሩ 94 ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩም ውጤቱ ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ ሆኖ አግኝተውታል። ምክንያቱ ለመረዳት አያስቸግርም፤ ሐራራ በመጣ ሰዓት ሰው ቁጭ ብሎ አያመዛዝንም፣ እግሩ የለመደው መንገድ ይወስደዋል። ውሳኔው አእምሮ በተረጋጋበት ሰዓት ተወስኖ ከአንድ የታወቀ ቦታና ሰዓት ጋር ከታሰረ ግን፣ ያ ሰዓት ሲደርስ የሚደረገው ነገር ራሱ ትዝ ይላል። አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት፦ ይህ ዘዴ ያለን ፍላጎት ያጠነክራል እንጂ የሌለን ፍላጎት አይፈጥርም። ሰውየው ራሱ መቀነስ ካልፈለገ የቱንም ያህል ያማረ ዕቅድ ቢጻፍለት ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚቀድመው ወሬ ነው። ቡና በተፈላበት፣ ሌላ ሰው በሌለበት ሰዓት፣ ተረጋግተው ይጠይቁት፦ «ወንድሜ፣ አብሽር፣ ልቆጣህ አይደለም፤ ከማጨሱ የምትወደው ምኑን ነው? የሚያስጠላህስ?» የሚወደውን መጠየቅ ብዙ ቤተሰብ የሚዘለው ጥያቄ ነው፤ ሆኖም ለዕቅዱ እጅግ ያስፈልጋል። «እንቅልፍ ይወስደኛል» ያለ ሰውና «ብቸኝነቴን እረሳለሁ» ያለ ሰው አንድ ዓይነት ዕቅድ ሊሠራላቸው አይችልም። የሚያስጠላውን ሲናገር ደግሞ፣ የባከነው ገንዘብ፣ ያቋረጠው ትምህርት ወይም እናቱን ዓይን ለዓይን ማየት አለመቻሉ ቢሆን፣ በራሱ ቃል ያስጽፉት። የርስዎን ምክንያት አይጨምሩበት።

ከዚያ አንድ ሳምንት መዝገብ ይያዝ። በዚህ ሳምንት እንዲቀንስ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ባጨሰ ቁጥር ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ አብሮት የነበረውን ሰውና ከማጨሱ በፊት የተሰማውን ስሜት በትንሽ ደብተር ወይም በስልኩ ላይ እንዲያሰፍር ብቻ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ መጠቀምን ጭምር የሚያስቀጣ ስለሆነ፣ በደብተሩ ላይ የዕፁም ሆነ የሰው ስም ባይጻፍ ይሻላል፤ የመስቀለኛ ምልክትና አንድ ፊደል ይበቃል። ደብተሩ የእሱ ነው። ሳያስፈቅዱ ከገለጡት ወይም «ለፖሊስ እነግርብሃለሁ» ካሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚጽፈው ሁሉ እርስዎን ለማስደሰት የተጻፈ ይሆናል።

አንድ ምሳሌ በቅርብ እንመልከት። ኮምቦልቻ ላይ የሰው ባጃጅ ይዞ የሚሠራ የ24 ዓመት ወጣት እናስብ። የሳምንቱ መዝገብ ሲታይ ጠዋት አንድም ምልክት የለበትም። አብዛኛው ምልክት የሰፈረው በሁለት ቦታ ነው፦ ምሽት ባጃጁን ለባለቤቱ አስረክቦ የዕለቱን ገቢ ካስገባ በኋላ ወደ ቤቱ ሲሄድ በጓደኛው ክፍል በኩል ሲያልፍ፣ እና እሑድ ከሰዓት ከበርጫ (ጫት ከመቃም) በኋላ ምርቃናው ሲያስጨንቀው። ወጣቱ «ቀኑን ሙሉ ያምረኛል» ብሎ ያምን ነበር፤ መዝገቡ ግን ችግሩ በየሳምንቱ የሚመላለሱ ሁለት ሰዓቶች እንደሆኑ አሳየው። ሰው ራሱን እንዲህ ባየ ጊዜ ፊቱ ላይ የሚነበበው እፎይታ ለረዳቱም ብርታት ይሰጣል።

ቀጥሎ ግቡ ይወሰናል። «እቀንሳለሁ» ብቻ ግብ አይባልም። በሳምንት ከሚያጨስባቸው ቀናት ስንቱን ነጻ እንደሚያደርግ፣ ወይም የመጀመሪያውን ከስንት ሰዓት በፊት እንደማይነካ፣ ወይም በሳምንት ለግዢ የሚያወጣውን ገንዘብ በምን ያህል እንደሚቀንስ በቁጥር ይቀመጥ። በእኔ አመለካከት ለመነሻ የሚሻለው ነጻ ቀናትን መቁጠር ነው፤ የአንዱ ጥቅል መጠንና የዕፁ ኃይል ከሌላው ስለሚለያይ የጥቅል ቆጠራ በቀላሉ ያታልላል። ሳምንቱን ሙሉ የሚያጨስ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ነጻ ቀን ቢይዝ በቂ ነው። ቀናቱንም ራሱ ይምረጥ።

አሁን ዋናው ሥራ ይመጣል፤ ዕቅዱን መጻፍ። እያንዳንዱ ዕቅድ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የመጀመሪያው ግማሽ ሁኔታውን፣ ሁለተኛው ግማሽ ተግባሩን ይናገራል። የባጃጅ ነጂው ወጣት የመጀመሪያ ዕቅድ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «ማክሰኞና ሐሙስ የባጃጁን ቁልፍ ለባለቤቱ እንደሰጠሁ፣ በዋናው አስፋልት በኩል እህቴ ቤት ሄጄ እራቴን እበላለሁ።» ይህን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ልብ ይበሉት። «ምሽት ላይ» አላለም፤ ቁልፉ ከእጁ የሚወጣባትን ቅጽበት ያዘ። «ከጓደኞቼ እርቃለሁ» አላለም፤ መንገዱን፣ ቤቱንና እዚያ የሚያደርገውን ጠቀሰ። እህትየዋም በእነዚያ ቀናት እንደሚመጣ ታውቃለች፣ እራት ታቆይለታለች። ሁለተኛው ዕቅድ ለስልኩ ነው፦ «ጓደኛዬ ደውሎ ‹ና እንጂ› ሲለኝ፣ ‹ዛሬ እህቴ ዘንድ ነኝ፣ ነገ ቁርስ ላይ እንገናኝ› ብዬ ስልኩን እዘጋለሁ።» ጓደኝነቱ አልተቋረጠም፤ ሰዓቱና ቦታው ብቻ ተቀየረ። ወሎ ውስጥ ሰውን ደፍሮ እምቢ ማለት እንደ ንቀት ስለሚታይ፣ የሚባለው ቃል አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ካልተያዘ ልጁ አፍሮ ይሄዳል።

ከጻፉ በኋላ ያለማምዱት። እርስዎ ጓደኛውን ሆነው ይደውሉለት፣ ይለማመጡት፣ «ምነው ናቅኸን?» ይበሉት፤ እሱም ያዘጋጀውን መልስ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይስጥ። መጀመሪያ ላይ ያስቃል፤ በሦስተኛው ግን ቃሉ አፉ ላይ ይገባል። ከዚያም ዓይኑን ጨፍኖ ቁልፉን ሲሰጥ፣ ወደ አስፋልቱ ሲታጠፍ፣ የእህቱን በር ሲያንኳኳ በዓይነ ሕሊናው ይይ።

ዕቅድ ሲጻፍ በብዛት የሚታዩ ስሕተቶች አሉ። ትልቁ «ሲያምረኝ አላጨስም» ብሎ መጻፍ ነው። በክልከላ የተጻፈ ዕቅድ ሰውየው ማድረግ የማይፈልገውን ነገር ይበልጥ ወደ አእምሮው እንደሚያመጣ በአመጋገብ ልማድ ላይ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ስለዚህ ሁለተኛው ግማሽ ሁልጊዜ የሚደረግ ነገር ይሁን። ሌላው ብዛት ነው። በአንድ ቀን አሥር ዕቅድ የጻፈ ሰው አንዱንም አያስታውስም፤ በሁለት ይጀመር፣ እነሱ ሲለመዱ ሦስተኛው ይጨመር። ተግባሩም ከአካባቢው ጋር መስማማት አለበት። ደሴ ላይ በክረምት ምሽት «ወጥቼ እሮጣለሁ» የሚል ዕቅድ ከጦሳ ተራራ ጭጋግ በወረደ ጊዜ ይከሽፋል፤ ቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር ይሻላል። ባቲ ላይ የሚነግድ ሰው ደግሞ ሰኞ ገበያው ሲበተን እጁ ላይ ገንዘብ የሚገኝ ከሆነ፣ ዕቅዱ የሚታሰረው ከዚያ ሰዓት ጋር ነው፦ «ዕቃዬን አስሬ እንደጨረስኩ፣ ከቀኑ ሽያጭ የቤቱን ድርሻ ለባለቤቴ በስልክ እልካለሁ።»

ስለ ጫት ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። በእኛ አካባቢ ብዙ ሰው ካናቢስን ለብቻው አይጠቀምም፤ አንዳንዱ ምርቃናውን ለማብረድ፣ አንዳንዱ ከሲጋራ ትምባሆ ጋር ቀላቅሎ ያጨሳል። በርጫው እንዳለ ሆኖ ከበርጫ በኋላ የሚመጣውን ማጨስ ብቻ ለመቁረጥ መሞከር በጣም ከባድ ስለሆነ፣ ነጻ የተባሉት ቀናት ከጫትም ነጻ ቢሆኑ ይመረጣል። ካናቢሱን ቀንሶ በጨብሲ፣ ማለትም ምርቃናን ለማብረድ በሚጠጣ አልኮል፣ መተካት መፍትሔ አይሆንም። ከትምባሆ ጋር የሚቀላቅል ሰው ከሚሰማው ሐራራ ከፊሉ የኒኮቲን መሆኑንም ይወቅ።

በየቀኑ የሚያጨስ ሰው በብዛት ሲቀንስ ወይም ሲያቆም ሰውነቱ ይቃወማል። መነጫነጭ፣ ጭንቀት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና እንቅልፍ ማጣት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ይጀምራሉ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ይበረታሉ፣ ከዚያም በሁለት ሳምንት ገደማ ይቀላሉ፤ የእንቅልፉ ችግር ከዚያም ሊረዝም ይችላል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የምርመራ መመሪያ ይህን የማቆም ሕመም በስሙ መዝግቦታል። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ሕልሙ ነው። ካናቢስ ሕልም የሚታይበትን የእንቅልፍ ክፍል ያሳንሰው ስለነበር፣ ሲቀነስ ሕልም በኃይል፣ በቀለምና በፍርሃት ይመለሳል። ቤተሰብ «ዱካክ ያዘው» ወይም «ጂን ነው» ብሎ ከተረጎመው፣ ልጁ ማታ ማታ በፍርሃት ወደ ማጨሱ ይመለሳል። ስለዚህ አስቀድመው ይንገሩት፤ ለሌሊቱም ዕቅድ ይኑረው፦ «ሌሊት በሕልም ደንግጬ ከነቃሁ፣ መብራት አብርቼ ውኃ ጠጥቼ፣ ይህ የሚያልፍ ነው ብዬ በረጅሙ እተነፍሳለሁ።» ለአማኝ ሰው የለመደው ጸሎት ወይም ዚክር በዚህ ቦታ ቢገባ መልካም ነው። ከሰዓት በኋላ ቡና መቀነሱም እንቅልፉን ያግዛል፤ ሦስቱንም የቡና ዙር ሳይጠጡ መነሳት ለወሎ ሰው ከባድ መሆኑን ባውቅም፣ ለሁለት ሳምንት አቦሉ ላይ ቢቆም ይጠቅመዋል።

ዕቅዱ አንድ ቀን መፍረሱ አይቀርም። ለዚያም ቀን ዕቅድ ይጻፍ፦ «በነጻ ቀኔ ካጨስኩ፣ በማግስቱ ጠዋት ሥራ ከመጀመሬ በፊት ደብተሬን ከፍቼ የት፣ ከማን ጋር እንደነበርኩ እጽፋለሁ፣ ለወንድሜም እደውላለሁ።» ሲደውል «ነግሬህ ነበር» የሚለው ቃል ከአፍዎ አይውጣ። ጥያቄው «የትኛው ሰዓት አመለጠን?» መሆን አለበት። ምናልባት እህቱ ያን ቀን ከቤት አልነበረችም ይሆናል፤ እንዲያ ከሆነ ዕቅዱ ሁለተኛ ቤት ያስፈልገዋል ማለት ነው። የተሰበረው ዓረፍተ ነገር ይሰረዝና ሌላ ይተካ።

በዕቅድ ብቻ የማይያዙ ሁኔታዎችም አሉ። ሰውየው የሌለ ድምፅ የሚሰማ፣ ሰዎች ሊገድሉኝ ይከታተሉኛል የሚል፣ ራሱን ስለማጥፋት የሚናገር ወይም ለቀናት እንቅልፍ አጥቶ የሚቅበዘበዝ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ። የቅርብ ዘመዱ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ሴት ግባቸው መቀነስ ሳይሆን ፈጽሞ ማቆም መሆን አለበት፤ ይህም በባለሙያ ክትትል ይሁን። በደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል (በቀድሞ ስሙ ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል) የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያም መንገዱን ያሳያል። ጸበል ወይም ዱዓ የሚወስድ ቤተሰብ ሕክምናውን አያቋርጥበት፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሊሄዱ ይችላሉ። የባጃጅም ሆነ የሌላ መኪና ነጂ ደግሞ በመቀነሱ ሂደት ላይ ቢሆንም አጭሶ መሪ መያዝ የለበትም።

የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ አብራችሁ ደብተሩን ተመልከቱ፤ ነጻ ቀናቱ ከያዙ አንድ ቀን ይጨመር። የቀን መቁጠሪያውንም አብራችሁ አንብቡ። የረመዳን ጾም ለሙስሊሙ ቀኑን ሙሉ ከጭስ ያርቀዋል፤ አደጋው ከአፍጥር በኋላ ያለው ሰዓት ነው። የጥር ሠርግና የበዓል ሰሞንም ከሩቅ አገር የመጡ የድሮ ጓደኞችን ያሰባስባል። ለእነዚህ የሚሆነው ዕቅድ ቀኑ ከመድረሱ ከአንድ ሳምንት በፊት ይጻፍ፤ ለምሳሌ «በቴምርና በሾርባ እንዳፈጠርኩ፣ ከአጎቴ ጋር ለተራዊህ ወደ መስጊድ እወጣለሁ» ተብሎ፣ አጎትየውም አስቀድሞ ተነግሮት በር ላይ እንዲጠብቀው ይደረግ።