አምቡላንስ ሲመጣ መስቀለኛ መንገድ ላይ ምን እናድርግ? ለደሴና ኮምቦልቻ ሾፌሮች

ደሴ ውስጥ የሚነዳ ሰው ያውቀዋል፣ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ግራ ቀኙ ባጃጅ ቆሞበታል፣ ፒያሳ አካባቢ ደግሞ ሰዉ አስፋልቱ ላይ ነው የሚሄደው፣ በዛ መሀል ሳይረን ሲሰማ ሁሉም ባለበት ቀጥ ይላል። ያከበረ ይመስለዋል፣ ግን መስቀለኛው መሀል የቆመ መኪና መንገዱን ዘጋ ማለት ነው። ስለዚህ ሌላውን ብትረሱት እንኳን ይቺን ያዙልኝ፦ መስቀለኛ ውስጥ አይቆምም፣ ወይ ሳትገባ ትቆማለህ ወይ ከገባህ ጨርሰህ ትወጣለህ።

1. ቀድመህ ስማ
መስቀለኛ ስትደርስ ቴፑን ቀንስ፣ መስኮቱን ትንሽ ክፈት። ደሴ ጉም ስትለብስ ብርሃኑን የምታየው አጠገብህ ሲደርስ ስለሆነ ያኔ የሚያድንህ ጆሮህ ነው። ባጃጅ ላይ ሞተሩ ራሱ ድምፅ ስለሚውጥ ተሳፋሪዎች ከሰማችሁ ለሾፌሩ ንገሩት፣ ሚኒባስ ላይ ደግሞ ረዳቱ በር ላይ ስለሆነ አንገቱን አውጥቶ ወደኋላ ማየት ይችላል፣ ይሄ ትልቅ እገዛ ነው።

2. ከየት እንደሚመጣ ሳታውቅ አትንቀሳቀስ
ህንጻ ባለበት ድምፁ እየተጋጨ ስለሚመጣ ከኋላ ያለው ከፊት ይመስልሃል። ስፖኪዮ ሁለቱንም እይ፣ ፊት ለፊት እይ፣ የጎን መንገዶቹንም እይ። ድንገት ፍሬን አትርገጥ፣ ከኋላህ ሲኖትራክ ሊኖር ይችላል።

3. አሁን ያለህበትን ቦታ ለይ
ገና ካልገባህ የቀኝ ፍሬቻ አብራና ቀኝ ጠርዝ ይዘህ ቁም፣ ግን መታጠፊያው አፍ ላይ አይሁን፣ አምቡላንሱ እዛው ሊታጠፍ ይችላላ።
ውስጥ ከገባህ ቀጥል፣ ተሻግረህ ውጣና ከዛ በኋላ ቀኝ ያዝ። አደባባይም ላይ ያው ነው፣ ቅርብ ባለው መውጫ ውጣ፣ መሄጃህ ባይሆንም ዞረህ ትመጣለህ።
ትራፊኩ ወይ ቀይ መብራት አቁሞህ አምቡላንሱ ልክ ከኋላህ ከሆነ ግን ደንግጠህ ዘለህ አትግባ። አንድ ሰው ለማዳን ሌላ ሰው መግጨት ይመጣል። ቀስ እያልክ ወደ ቀኝ ተጠጋና ክፍተት ስጠው፣ ትራፊኩ በእጁ እለፍ ካለህ የሱን ስማ።

4. የኮምቦልቻ ደሴ ዳገት ለብቻው ይታሰብ
ከኮምቦልቻ ሪፈር ተብሎ የሚመጣ በሽተኛ በዚህ ኩርባ ነው የሚወጣው። ተሳቢዎች ተጣብቃችሁ አትውጡ፣ በመሀላችሁ አንድ መኪና የሚገባበት ቦታ ካለ አምቡላንሱ አንድ በአንድ እያለ ያልፋል፣ ከሌለ ግን እስከ ላይ ድረስ በእናንተ ፍጥነት ይሄዳል። ኩርባ ላይ አትቁሙለት፣ ሰፋ ያለ ቦታ እስክትደርሱ ፍሬቻ አሳዩትና ቀጥሉ። ቁልቁለት የሚወርድም በከባድ ማርሽ ሆኖ ቀኙን ይያዝ።

5. "ባዶውን ነው" አትበል
ይሄ ነገር በጣም ያሳዝነኛል። ሰው በመስኮት አይቶ ውስጡ በሽተኛ ከሌለ "ለምሳ ነው የሚሮጠው" ብሎ አይለቅም። ወንድሜ፣ ባዶ አምቡላንስ እኮ ሰው ሊያነሳ እየሄደ ነው! በሽተኛ የያዘው ቢያንስ ባለሙያ አብሮት አለ፣ እየጠበቀ ያለው ግን ማንም የለውም። ወልዳ ደም እየፈሰሳት ያለች እናት በ2 ሰአት ውስጥ ልትሞት ትችላለች፣ ልቡ የቆመ ሰው ደግሞ አንጎሉ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ መጎዳት ይጀምራል። አንዳንዱ ሾፌር ሳይረኑን ያለቦታው ይጠቀም ይሆናል፣ ግን አንተ ስፖኪዮ ውስጥ አይተህ ያን መለየት አትችልም፣ ስለዚህ ልቀቅ በቃ።

6. ካለፈ በኋላ
ወዲያው አትነሳ፣ ሁለተኛ መኪና ሊከተል ይችላል፣ በተለይ እሳት አደጋ ከሆነ። የእሳት አደጋ መኪና ውሃ ስለሞላ በፍሬን ቶሎ አይቆምም፣ ፊቱ አትግባበት። አምቡላንሱን ተከትሎ በከፈተው መንገድ መብረር ደግሞ ነውር ነው፣ አደገኛም ነው፣ በ60 ኪሎሜትር ፍጥነት በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ትሄዳለህ፣ እሱ ድንገት ቢቆም ምንም አታደርግም። ሰርገኞችም ሳይረን ስትሰሙ ክላክሱን አቁሙ፣ ሌላው እንዲሰማ።

7. ለአምቡላንስ ሾፌሮችም
ሳይረን ቅድሚያ ያሰጣል እንጂ ከግጭት አያድንም። መስቀለኛ ጋር ፍጥነት ቀንሱ፣ የሳይረኑን ድምፅ ቀይሩት፣ እያንዳንዱ ሾፌር እንዳያችሁ አረጋግጡና እለፉ። ሰኞ ገበያ ከብቱም ጋሪውም ሲበዛ ሳይረን የማይገባው ብዙ ነው።

8. ራስህ አምቡላንስ ስትጠራ
የቀይ መስቀል 907 ነው። ስትደውል የሰፈሩን ስምና ሁሉም የሚያውቀውን ምልክት ተናገር፣ መስጊድ፣ ቤተክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት ምናምን። ከዛ አንድ ጎረምሳ ዋናው መንገድ መታጠፊያ ድረስ ላክ፣ ባጃጆቹን ከመግቢያው ያስነሳ፣ አምቡላንሱ ሲመጣ እጁን ያውለብልብ፣ ማታ ከሆነ የስልኩን መብራት ይያዝ።