ስሙ የማይጠራውን ተጫዋች መከታተል፦ የኦፌንሲቭ ላይንማንን የሙያ ሕይወት እንዴት ማንበብ ይቻላል

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሀረጎን ዳገት በጭነት መኪና የወጣ ሰው ረዳቱን ያውቀዋል። መኪናው ዳገት ላይ በቆመ ቁጥር ከጋቢናው ዘሎ ወርዶ ከኋላ ጎማ ሥር ታኮ የሚያስገባው እሱ ነው። ታኮው እስከያዘ ድረስ ስሙን የሚያነሣ የለም፤ የሚጠራው መኪናው ወደ ኋላ የተንሸራተተ ዕለት ብቻ ነው። በአሜሪካ ፉትቦል ኦፌንሲቭ ላይንማን የሚባለው ተጫዋች ዕጣም ይኸው ነው። ኳስ ይዞ አይሮጥም፣ ነጥብ የሚያስቆጥረው እጅግ አልፎ አልፎ ነው፣ ከጨዋታው በኋላ በሚወጣው የቁጥር ሰንጠረዥ ውስጥም ስሙ የለም ማለት ይቻላል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ጨዋታውን በስልክም ሆነ በዲሽ ለሚከታተል፣ በተለይም ስለ አንድ ተጫዋች በአማርኛ ለመጻፍ ወይም ለጓደኞቹ ለመተንተን ለሚፈልግ ሰው ሲሆን፣ ዓላማውም እንዲህ ያለው ተጫዋች ከመጀመሪያ ቀኑ እስከ ጡረታው እንዴት እንደሚመዘን ማሳየት ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ቦታውን መለየት

ከእያንዳንዱ ቡድን ሜዳ ላይ የሚሰለፉት 11 ናቸው። ኳሱን በያዘው ቡድን በኩል ፊት ለፊት ጎን ለጎን አጎንብሰው የሚታዩት አምስት ግዙፍ ሰዎች የማጥቃት መስመሩ፣ ማለትም ኦፌንሲቭ ላይኑ ናቸው። መካከል ላይ ያለው ሴንተር ይባላል፤ ኳሱን በእግሮቹ መካከል አሾልኮ ከኋላው ላለው ኳርተርባክ፣ ማለትም ማጥቃቱን ለሚመራውና ኳሱን ለሚወረውረው ተጫዋች፣ የሚሰጠው እሱ ነው፤ ድርጊቱም ስናፕ ይባላል። በግራና በቀኙ ሁለት ጋርዶች፣ ከጋርዶቹ ውጭ ደግሞ ሁለት ታክሎች ይቆማሉ። መለያ ቁጥራቸው ከ50 እስከ 79 ባለው ውስጥ ስለሚሆን ከሩቅም ይለያሉ። አስቀድመው ለዳኛው ካላሳወቁ በስተቀር ወደ ፊት የተወረወረ ኳስ መቀበል ስለማይፈቀድላቸው፣ የተሰጣቸው ሥራ ሁለት ብቻ ነው፦ ኳርተርባኩን መከለል እና ኳስ ይዞ ለሚሮጠው ጓደኛቸው መንገድ መክፈት።

ከአምስቱ ውስጥ የግራ ታክል ለረጅም ጊዜ ከፍተኛ ዋጋ ሲሰጠው ኖሯል። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ኳርተርባክ ለመወርወር ሲዘጋጅ ጀርባውን ለግራው ወገን ስለሚሰጥ፣ ከዚያ የሚመጣበትን አያይም። በኅዳር 1985 የኒውዮርክ ጃያንትሱ ሎውረንስ ቴይለር የዋሽንግተኑን ኳርተርባክ ጆ ታይስማንን ሲጥለው እግሩ በቴሌቪዥን ተመልካች ፊት ተሰብሮ የታይስማን የሙያ ሕይወት በዚያው ሌሊት አብቅቷል፤ ያ ምስል እስከ ዛሬ የግራ ታክል ለምን ውድ እንደሆነ ለማስረዳት ይጠቀሳል።

ኳሱን ትቶ መመልከት

የውድድር ዘመኑ የሚጀምረው በእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው። አብዛኞቹ የእሑድ ጨዋታዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ አሜሪካኖቹ በኅዳር መግቢያ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ከመለሱ በኋላ ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ይጀመራሉ። የውድድሩ የፍጻሜ ጨዋታ የሆነው ሱፐር ቦውል ግን ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ስለሆነ፣ በማግስቱ ሥራ ያለበት ሰው ከወዲሁ ቢያስብበት ይሻላል።

ባለፈው ዓመት በአንድ የጥቅምት ምሽት ከእህቴ ልጅ ጋር ቤት ተቀምጠን፣ የጦሳ ብርድ በበሩ ስንጥቅ እየገባ፣ በረካው እስኪወርድ በስልኬ አንድ ጨዋታ እናይ ነበር። ልጁ በየደቂቃው «ጋሼ፣ ኳሱ የት ገባ?» ይለኛል። «ኳሱን ተወው፤ አውራ ጣትህን ኳርተርባኩ ላይ አድርግና ሸፍነው» አልኩት። ሸፈነው። አንዱን ቅንጭብ አራት ጊዜ ወደ ኋላ እየመለስን አየነው። በመጀመሪያው ምንም አልታየውም፣ በሁለተኛው የግራ ታክሉ ቁጥር ታየው፣ በአራተኛው ላይ ግን ድንገት ቀና ብሎ «ወላሂ ጋሼ፣ ሰውዬው ወደ ኋላ እየሄደ ነው የሚያሸንፈው!» አለ። ይህን ያየ ሰው ዋናውን ነገር አይቷል።

ኳስ ሊወረወር ሲል ታክሉ ወደ ፊት አይገፋም፤ ያፈገፍጋል። የውጭ እግሩን ወደ ኋላና ወደ ጎን ያንሸራትታል፣ የውስጡን እግር ያስከትላል፣ እግሮቹ ግን ፈጽሞ አይነካኩም፣ አይጠላለፉም፤ ከተጠላለፉ ተከላካዩ በዚያች ቅጽበት ያልፈዋል። ወገቡ ዝቅ፣ ጀርባው ቀጥ ማለት አለበት። እጆቹን የሚያሳርፈው በተከላካዩ ደረት ላይ በውስጥ በኩል ነው፤ እጁ ወደ ትከሻው ውጭ ከሄደ መያዝ ይሆንና ቡድኑን 10 ያርድ (9 ሜትር ገደማ) ያስቀጣል። በሩጫ ጨዋታ ነገሩ ይገለበጣል፦ ዝቅ ብሎ ተነሥቶ ወደ ፊት ይገፋል፣ ተከላካዩንም ካለበት ያፈናቅላል። ስለዚህ ሲመለከቱ በመጀመሪያ እግሩን፣ ቀጥሎ እጁን፣ በመጨረሻ የተከላካዩን ትከሻ ወዴት እንደዞረ ማየት ይበቃል። ስናፕ ከመሰጠቱ በፊት ተንቀሳቅሶ የሚያስቀጣው 5 ያርድ ደግሞ ትንሽ ቢመስልም፣ ደጋግሞ የሚፈጽመው ተጫዋች ከፊቱ ያለውን ሰው ፍጥነት መፍራቱን ይነግረናል። ዳኛው ወደ ማይክሮፎኑ ዞሮ የላይንማኑን ቁጥር የሚጠራውም በእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። የታኮው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል።

የአጀማመሩን ነገር አለማጋነን

ወደ ኤንኤፍኤል፣ ማለትም ወደ ዋናው የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ የሚገባው ተጫዋች ሁለተኛ ደረጃ ከጨረሰ ቢያንስ ሦስት ዓመት ሊሞላው ይገባል። 32ቱ ቡድኖች በየዓመቱ ድራፍት በሚባለው ሥርዓት በሰባት ዙር ተጫዋቾችን ይመርጣሉ። ከዚያ በፊት ኢንዲያናፖሊስ ላይ በሚደረገው ፈተና 36 ሜትር ተኩል ገደማ ይሮጣሉ፣ 102 ኪሎ የሚመዝን ብረትም ደረታቸው ላይ እያወረዱ ያነሣሉ። እነዚህ ቁጥሮች በገፍ ይወጣሉ፤ በእኔ አስተያየት ግን ለላይንማን ከጠቅላላ ሩጫው ይልቅ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት እርምጃዎች ይበልጥ ይናገራሉ፣ ምክንያቱም ሜዳ ላይ 36 ሜትር የሚሮጥበት አጋጣሚ እምብዛም የለም።

የምርጫው ተራ ቁጥር በማስታወሻ ደብተር ላይ ይመዝገብ፣ ፍርድ ግን አይሰጥበት። የሲንሲናቲ ቤንጋልሱ አንቶኒ ሙኞዝ በ1980 በሦስተኛነት ተመርጦ እንደተጠበቀው የዘመኑ ታላቅ ታክል ሆነ። ጄሰን ኬልሲ ግን በ2011 በስድስተኛው ዙር፣ በ191ኛ ተራ ነው ወደ ፊላደልፊያ ኢግልስ የሄደው፤ 13 ዓመት በሴንተርነት ተጫውቷል። እኔ ራሴ የተሳሳትኩት በጆርዳን ማይላታ ላይ ነው። ይህ አውስትራሊያዊ ራግቢ ይጫወት የነበረ፣ ከዚያ በፊት አንድም የአሜሪካ ፉትቦል ግጥሚያ አድርጎ የማያውቅ፣ ቁመቱ ከሁለት ሜትር በላይ የሆነ ወጣት ነበር፤ ኢግልስ በ2018 በሰባተኛው ዙር በ233ኛ ተራ መረጠው። በ2018 እና በ2019 በመደበኛው ውድድር አንድም ጨዋታ ስላልተሰለፈ፣ እኔም በደብተሬ ላይ «አልሆነለትም» ብዬ ጻፍኩ። በ2020 ተሰለፈ፣ በየካቲት 2025 ደግሞ ቡድኑ ካንሳስ ሲቲን 40 ለ 22 አሸንፎ ሱፐር ቦውሉን ሲወስድ የግራ ታክሉ እሱ ነበር። ጽሑፌን አልፋቅኩትም፤ በላዩ ላይ አንድ መስመር ሰርዤበት እስከ ዛሬ አለ። ላይንማን ከሦስተኛ ዓመቱ በፊት አይፈረድበትም የሚለውን ደንብ ያወጣሁት ከዚያ በኋላ ነው።

በቁጥር ፈንታ የሚቆጠረው

የግብ ያህል የሚቆጠር ነገር ስለሌለ፣ ሁልጊዜ ሊገኝ የሚችለው መረጃ ስንት ጨዋታ ተሰለፈ፣ ስንቱን ጀመረ፣ ስንት ስናፕ (እያንዳንዱ በስናፕ የሚጀመር እንቅስቃሴ እንደ አንድ ይቆጠራል) ሜዳ ላይ ቆመ የሚለው ነው። ሰውነቱን በየሳምንቱ ከመኪና ጋር እንደሚያላትም ሰው ለሚኖር ባለሙያ፣ መገኘት ራሱ ችሎታ ነው። ብሩስ ማቲውስ ከ1983 እስከ 2001 በ19 ዓመት ውስጥ 296 ጨዋታ የተሰለፈ ሲሆን፣ በአምስቱም የመስመሩ ቦታዎች ተጫውቷል። የክሊቭላንድ ብራውንሱ ጆ ቶማስ በ2007 ከጀመረበት ዕለት አንስቶ አንድም ሳያመልጠው 10,363 ተከታታይ ስናፕ ቆሞ፣ ቆጠራው የተቋረጠው በጥቅምት 2017 የክንዱ ጡንቻ ሲበጠስ ነው።

የቶማስ ታሪክ ሌላም ጥንቃቄ ያስተምራል። ክሊቭላንድ በ2016 ከ16 ጨዋታ አንድ ብቻ አሸነፈ፣ በ2017 አንድም አላሸነፈም፤ ቶማስ በዘመኑ ሁሉ ወደ ጥሎ ማለፉ አልደረሰም። በቡድኑ ውጤት የሚመዝነው ሰው ከታላላቆቹ አንዱን ከመናኛ ተርታ ይጥለዋል። «እሱ ካለ ለምን ተሸነፉ?» ብሎ ለሚጠይቅ ጓደኛ፣ አብሽር፣ ከኋላው የሚወረውረው ሰው በየጊዜው ይቀያየር ነበር ብሎ መመለስ ይበቃል።

ክብሮቹን በተመለከተ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። ፕሮ ቦውል የሚባለው ምርጫ የደጋፊዎች፣ የተጫዋቾችና የአሠልጣኞች ድምፅ ስለሚቀላቀልበት ዝነኛ ስም አንዳንድ ጊዜ ከችሎታው በላይ ይጎትታል። አሶሺየትድ ፕሬስ በየዓመቱ የሚያወጣው የኦል ፕሮ የመጀመሪያ ቡድን ግን በጋዜጠኞች የሚመረጥና ጠባብ ስለሆነ የበለጠ ይመዝናል። ኬልሲ ለፕሮ ቦውል ሰባት ጊዜ፣ ለኦል ፕሮ የመጀመሪያ ቡድን ስድስት ጊዜ ተመርጧል፤ የሁለቱ ቁጥሮች መቀራረብ የዝናው መሠረት እውነተኛ መሆኑን ያሳያል። ያው አሶሺየትድ ፕሬስ ለዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠውን ሽልማት ግን እስካሁን አንድም ኦፌንሲቭ ላይንማን ወስዶት አያውቅም።

አሠልጣኞች በአደባባይ የማይናገሩት ግምት በደመወዝ ውል ላይ ይታያል። በድራፍት የተመረጠ አዲስ ተጫዋች የመጀመሪያ ውሉ አራት ዓመት ነው፤ በመጀመሪያው ዙር ለተመረጠ ቡድኑ አምስተኛ ዓመት የመጨመር መብት አለው። ትልቁ ምስክር ሁለተኛው ውል ነው። እዚህ ላይ የሰኞ ገበያን ዓይን ይጠቀሙ፦ የተጠራው ዋጋና እጅ ላይ የሚገባው ዋጋ አንድ አይደሉም። ቡድን ተጫዋቹን ከውሉ በፊት ሊያሰናብተው ስለሚችል፣ በዜና ከሚነገረው ጠቅላላ ድምር ይልቅ ምን ያህሉ ዋስትና እንዳለው ይታይ።

ከሥራው በኋላ

የላይንማንን የሙያ ሕይወት በመጨረሻ ጨዋታው ላይ መዝጋት ታሪኩን ከግማሹ መቁረጥ ነው። እነዚህ ሰዎች 135 ኪሎና ከዚያ በላይ መመዘን ሥራቸው ስለሚጠይቀው ሳይርባቸውም የሚበሉ ናቸው፤ ሲያቆሙ ያንን ክብደት ማውረድ አለባቸው፣ ቶማስ ከ20 ኪሎ በላይ አውርዷል። ከዚህ የከበደው የጭንቅላት ጉዳት ነው። የፒትስበርግ ስቲለርሱ ሴንተር ማይክ ዌብስተር አራት ሱፐር ቦውል አሸንፎ፣ ከጡረታ በኋላ አእምሮው ተጎሳቁሎ ኖሮ በ2002 በ50 ዓመቱ ሞተ። አንጎሉን የመረመረው ናይጄሪያ ተወልዶ ያደገው የአስከሬን መርማሪ ሐኪም ዶክተር ቤኔት ኦማሉ ነው፤ በተደጋጋሚ የጭንቅላት ግጭት የሚመጣውን ሲቲኢ የተባለ የአንጎል በሽታ አግኝቶ ግኝቱን በ2005 በሕክምና መጽሔት አሳተመ። በሽታው በእርግጠኝነት የሚታወቀው ከሞት በኋላ አንጎል ሲመረመር ብቻ በመሆኑ፣ በሕይወት ስላለ ተጫዋች «ይህ በሽታ አለበት» ብሎ መጻፍ አይገባም። ጉዳቶቹን፣ ቀዶ ሕክምናዎቹንና ተጫዋቹ ራሱ በአደባባይ የተናገረውን መዝግቦ እዚያው መቆም ይበቃል።

በዚህ ምክንያት ለአንድ ተጫዋች ገጽ ስትከፍቱ ከታች ባዶ ቦታ ተዉለት። የጨዋታው ታላላቆች ወደሚታወሱበት የዝነኞች አዳራሽ ለመመረጥ ከመጨረሻ ጨዋታው በኋላ አምስት ዓመት መሙላት ስላለበት፣ በ2017 ያቆመው ቶማስ የገባው በ2023 ነው። ኬልሲ ማቆሙን ያስታወቀው በመጋቢት 2024 በመሆኑ ለምርጫ የሚቀርበው በ2029 ነው፤ በእኔ ደብተር ላይ ከስሙ ሥር አምስት መስመር ተዘልሎ፣ የእህቴ ልጅ በእርሳስ «እዚህ ጋ» ብሎ ጽፎበታል።