የ1950ዎቹ የቤዝቦል መዝገብ ሒሳቡ አልታረቅ ሲል፦ ችግርና መፍትሔ

የቆየ የቤዝቦል ጨዋታ መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ሠንጠረዥ ሲገለበጥ ድምሮቹ እምቢ ማለታቸው የተለመደ ነው። ለማሳያ የምንጠቀመው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 8 ቀን 1956 በያንኪ ስታዲየም የተካሄደውን የዎርልድ ሲሪዝ (የአሜሪካ ቤዝቦል የሻምፒዮና ፍጻሜ) 5ኛ ጨዋታ ይሆናል። በዚያ ዕለት የኒው ዮርክ ያንኪስ ወርዋሪ ዶን ላርሰን የብሩክሊን ዶጀርስን 27 መቺዎች አንዱንም ቤዝ ሳያስረግጥ በተራ አሰናብቶ ቡድኑ 2 ለ 0 አሸንፏል።

ችግር፦ ተጫዋቹ ለምት የቀረበበት ጊዜና በመዝገቡ የተጻፈለት ቁጥር አይገጥሙም።

ላርሰን ራሱ ሦስት ጊዜ ለምት ቀርቦ ሳለ በምት ዕድል ዓምድ የሰፈረለት 2 ብቻ ነው። በ6ኛው ኢኒንግ (ሁለቱም ቡድኖች በየተራ የሚመቱበት የጨዋታ ክፍል) የቡድን ጓደኛውን አንዲ ኬሪን ወደ ሁለተኛ ቤዝ ለማሻገር ሆን ብሎ ኳሷን በቀስታ ነክቶ ራሱ አውት ሆኗል (ከመምቻ ተራው ተሰናብቷል)፤ እንዲህ ያለው የመሥዋዕት ምት እንደ ምት ዕድል አይቆጠርም። ነጻ ማለፊያም (ወርዋሪው አራት ጊዜ ኳሷን ከዒላማ ውጭ ሲወረውር መቺው ያለ ምት ቤዝ የሚይዝበት) እንዲሁ ስለማይቆጠር፣ በእርሱ ቤዝ የያዙት የያንኪስ ተጫዋቾች ስሎተርና ማክዱጋልድ እያንዳንዳቸው 2 ተጽፎላቸዋል።

መፍትሔው መዝገቡን እንደ ሒሳብ ሠራተኛ በሁለት ወገን መመዘን ነው። በአንድ በኩል የምት ዕድልን፣ ነጻ ማለፊያን፣ በተወረወረ ኳስ የተመቱትንና የመሥዋዕት ምትን ደምሩ፤ በሌላ በኩል ነጥብን፣ ቤዝ ላይ የቀሩትንና አውት የሆኑትን ደምሩ። ለያንኪስ 26፣ 2፣ 0 እና 1 ተደምረው 29 ይሆናሉ፤ በሌላው ወገን 2 ነጥብ፣ 3 ቤዝ ላይ የቀሩና 24 አውት እንዲሁ 29 ይሰጣሉ። አውቱ 27 ያልሆነው አስተናጋጁ ቡድን እየመራ ስለነበር በ9ኛው ኢኒንግ መምታት ስላላስፈለገው ነው፤ በኢኒንጎቹ ሰልፍ መጨረሻ ከቁጥር ይልቅ የኤክስ ምልክት የሚታየውም ለዚህ ነው። ሚዛኑ ካልገጠመ እኔ ብሆን በቅድሚያ ከሠንጠረዡ ሥር በደቃቅ ፊደል የታተመውን ማስታወሻ እመለከታለሁ፤ ነጻ ማለፊያውና የመሥዋዕት ምቱ ብዙውን ጊዜ የሚገኙት እዚያ ነው፣ ገልባጩም የሚዘለው እርሱኑ ነው። ከዚያ በኋላ በደበዘዘ ቅጂ 3 እና 8 ተምታተው እንደሆነ ይጣራል።

ችግር፦ አንድ አውት ሆኖ ሁለት ተጫዋቾች ድጋፍ (አውቱ እንዲሆን ኳሷን ያቀበለ ጠባቂ የሚያገኘው ምልክት) ተመዝግቦላቸዋል።

ይህ ስሕተት አይደለም። በ2ኛው ኢኒንግ የዶጀርሱ ጃኪ ሮቢንሰን የመታት ኃይለኛ ኳስ ከሦስተኛ ቤዝ ጠባቂው ከኬሪ ላይ ነጥራ ወደ ማክዱጋልድ ሄደች፤ እርሱም አንስቶ ወደ አንደኛ ቤዝ ወረወራት፣ ኳሷም ሮቢንሰንን ለጥቂት ቀደመችው። በጠባቂዎች መለያ ቁጥር 5-6-3 ተብሎ ይጻፋል (5 ሦስተኛ ቤዝ ጠባቂው፣ 6 በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል የሚቆመው ማክዱጋልድ፣ 3 አንደኛ ቤዝ ጠባቂው)፤ አውቱ ለአንደኛ ቤዝ ጠባቂው፣ ድጋፉ ደግሞ ኳሷን ላስነጠረውም ለወረወረውም ይያዛል። ስለዚህ የድጋፍ ድምር ከአውት ድምር ጋር እንዲገጥም አትጠብቁ። የአውት ዓምድ ግን ሁልጊዜ መግጠም አለበት፤ ላርሰን በሦስት ስትራይክ ያስወጣቸው ሰባቱም በዚህ ዓምድ የሚቆጠሩት ለእርሱ ሳይሆን ለተቀባዩ ለዮጊ ቤራ ነው።

ችግር፦ የ1940ዎቹ መቺዎች አማካይ በዛሬው ቀመር ሲሰላ ይለያያል።

ረጅም ኳስ መትቶ በአየር ላይ ቢያዝበትም ጓደኛውን ነጥብ ያስገባ መቺ ከ1954 ወዲህ የምት ዕድል አይቆጠርበትም፤ ከ1940 እስከ 1953 ግን ይቆጠርበት ነበር። የቦስተን ሬድ ሶክስ መቺ ቴድ ዊልያምስ በ1941 ከ456 የምት ዕድል 185 የተሳካ ምት አግኝቶ 0.406 ያስመዘገበው በዚያ ጥብቅ ሕግ ነው። የታተመውን ቁጥር እንዳለ መተው እንጂ በዛሬ ሕግ ማስተካከል አይገባም።

ችግር፦ የወርዋሪው አማካይ (በዘጠኝ ኢኒንግ የሚቆጠርበት ነጥብ) የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል።

በዲጂታል መዝገቦች 7.1 ማለት ሰባት ኢኒንግና አንድ ሦስተኛ ነው፤ የስሌት ፕሮግራሙ ግን እንደ አሥርዮሽ ያነበዋል። በቅድሚያ ኢኒንጉን በአውት ብዛት ለውጡት፣ ማለትም 22 አድርጉት፤ ከዚያ ወርዋሪው የሚጠየቅባቸውን ነጥቦች በ27 (በዘጠኝ ኢኒንግ የአውት ብዛት) አባዝታችሁ ለዚያው አካፍሉ። የዶጀርሱ ሳል ማግሊ በ8 ኢኒንግ 2 ነጥብ ስለተቆጠረበት 54 ለ24 ተካፍሎ 2.25 ይወጣል።

የ«ሴቭ» (ተተክቶ ገብቶ የቡድኑን መሪነት ያስጠበቀ ወርዋሪ የሚያገኘው) ዓምድ ከጠፋባችሁ ደግሞ አትፈልጉት፤ በይፋ መመዝገብ የጀመረው በ1969 ነው።