ከጎንደር ሳይርቁ የመርከብ ጥገና ሙያን እንዴት መጀመር ይቻላል?

የመርከብ ጥገና ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ምጽዋ ወይም ጅቡቲ ነው። ጠጋኙ ግን አብዛኛውን ጊዜ በያጅ፣ መካኒክ፣ የቧንቧ ሠራተኛ፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ወይም ቀለም ቀቢ ነው። እነዚህ ሁሉ ጎንደር ውስጥ የሚሠሩ ሙያዎች ናቸው። ጣና ዳር ያለችው ጎርጎራም ብትሆን ከከተማው 60 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትርቃለች።

በመጀመሪያ አንድ ሙያ ይምረጡ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። እኔን ከጠየቁኝ ብየዳን እመርጣለሁ፤ መርከብ ባይገኝ እንኳ በርና መስኮት እንጀራ ያበላል። ከዚህ በታች ያለውም ይበልጥ ለበያጅ የሚሆን ነው።

ቀጥሎ ኮሌጅና ወርክሾፕን አጣምረው ይያዙ። በጎንደር ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ የሚፈልጉት ዘርፍ በዓመቱ መከፈቱን ሬጅስትራር ይጠይቁ። የብቃት ማረጋገጫ ምዘናውን ማለፍ ለኋላ ቅጥር ይጠቅማል። እጅ የሚፈታው ግን ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ጥሩ በያጅ ዘንድ ሄደው «ጋሼ፣ ያለ ደመወዝም ቢሆን ልልመድ» ከማለትዎ በፊት ጓንት፣ የፊት መከለያና የትራንስፖርት ወጪ በማን በኩል እንደሚሆን ይነጋገሩ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ዕቃ በማቀበልና ብረት በመሞረድ ያልፋሉ፤ ይህ አያስከፋ። ከሥራ ሰዓት በኋላ በቁርጥራጭ ላሜራ የመለማመድ ፈቃድ ማግኘት ግን ከኪስ ገንዘብ ይበልጣል።

ሦስተኛው እርምጃ የበር በያጅና የመርከብ በያጅ የሚለያዩበት ነው። በር ውሃ ቢያስገባ ማንም አይሰምጥም። በር የሚበየደው ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ነው፤ የመርከብ አካል ግን ባለበት ቦታ፣ ቆሞም ከራስ በላይም ይበየዳል። ስለዚህ ላሜራውን ግድግዳ ላይ አስረው ከታች ወደ ላይ መበየድ ይልመዱ፤ ቀጥሎ ከራስ በላይ። ለበር የተለመደው 6013 ኤሌክትሮድ (እየቀለጠ የሚበይደው ዘንግ) ለመጀመር በቂ ነው። ጭነት ለሚሸከም ብረት የሚመረጠው 7018 የተባለው ኤሌክትሮድ ግን እርጥበት አይወድም፤ በክረምት ክፍት ካርቶን ውስጥ የከረመ 7018 ብየዳውን ከውስጥ ሊሰነጥቀው ይችላል።

ሥራዎን ለመፈተን ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሁለት ላሜራ ጫፍ ለጫፍ ይበይዱና ብየዳው ላይ የሚቀረውን ቅርፊት አራግፈው በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ። ብረቱ ይቀዝቅዝ። በአንዱ በኩል በውሃ የተበጠበጠ ኖራ ወይም ጠመኔ ቀብተው ያድርቁት። በሌላው በኩል ብየዳውን በነጭ ጋዝ ደጋግመው ያርሱት፤ በአካባቢው እሳትም ሆነ ፍንጣሪ አይኑር። ነጭ ጋዝ ውሃ በቶሎ በማያልፍባት ቀዳዳ ሳይቀር ሾልኮ ይወጣል። ትንሽ ቆይተው ነጩን ገጽ ሲያዩት፣ መርፌ የማታስገባ ቀዳዳ እንኳ ካለች የቅባት ነጠብጣብ ሆና ትታያለች። ነጠብጣቡ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ኤሌክትሮድ በቀየሩበት ቦታ ላይ ነው፤ ማቆምና መጀመር ከሁሉ ይከብዳል። ያንን ቦታ ሞርደው አውጥተው፣ ጋዙን በደንብ አጽድተውና አድርቀው እንደገና ይበይዱ። ይህ ፈተና በእውነተኛ የጀልባና የታንከር ሥራም ላይ ያገለግላል።

የሚከተለውን ሳያውቁ መርከብ ውስጥ አይግቡ። የመርከብ ሆድ ብዙ የተዘጉ ክፍሎች አሉት። ዝገት ራሱ ኦክስጅን ስለሚበላ ለረጅም ጊዜ የተዘጋ ባዶ ታንክ ምንም ሽታ ሳይኖረው ሰው ሊገድል ይችላል። በተለመደው አየር ውስጥ 20.9 በመቶ ኦክስጅን አለ፤ ከ19.5 በታች ከሆነ አይገባም። በመሣሪያ ሳይለካ፣ አየር ሳይገባለትና ደጅ የሚጠብቅ ሰው ሳይኖር ማንም ይግቡ ቢልዎት እምቢ ይበሉ። ጓደኛዬ ወደቀ ብሎ ተከትሎ መግባትም ሁለተኛ አስከሬን መጨመር ነው። ነዳጅ የነበረበት ታንክማ ታጥቦ ጋዙ መውጣቱ ሳይረጋገጥ አይበየድም።

አሁን አዘዞንና ቆላ ድባን አልፈው ወደ ጎርጎራ ይውረዱ። ጀልባ ከውሃ ወጥቶ ሲጠገን ለማየት ይፈቀድልዎ እንደሆነ ባለቤቱን ይጠይቁ። እምቦጭ በፕሮፔለር ላይ ሲጠመጠምና የሞተሩን ማቀዝቀዣ ውሃ መግቢያ ሲዘጋ ምን እንደሚደረግ ይመልከቱ። ጣና ጨው አልባ መሆኑንም ልብ ይበሉ፤ ብረትን ከዝገት ለመከላከል ጀልባ ላይ የሚታሰረው የዚንክ ቁራጭ ለባሕር ጥሩ ሲሆን በጨው አልባ ውሃ ግን ማግኒዚየም ይሻላል።

ከዚህ በላይ ለሚመኝ፣ ከ2010 ዓ.ም በኋላ እንደገና መደራጀት የጀመረውን የኢትዮጵያ ባህር ኃይል የምልመላ ማስታወቂያ መከታተል አንዱ መንገድ ነው። የአሜሪካ ባህር ኃይል አራት የጥገና ጣቢያዎች ማለትም ኖርፎክ፣ ፖርትስማውዝ፣ ፒጀት ሳውንድና ፐርል ሃርበር ተለማማጆችን ደመወዝ እየከፈሉ ለ4 ዓመት ያህል በክፍልና በሥራ ላይ ያስተምራሉ፤ ሆኖም የአገሪቱን ዜግነት ይጠይቃሉ። ስለዚህ ደላላ መጥቶ እዚያ አስቀጥርዎታለሁ ካለ፣ የቅድሚያ ክፍያውን ኪስዎ ውስጥ ያቆዩት።