ምናባዊ የልጆች ሥዕላዊ መጽሐፍ ሲተነተን ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የልጆች ሥዕላዊ መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ32 ገጽ ስለማይበልጥና ቃላቱም ጥቂት ስለሆኑ፣ አላባውያኑን (ማለትም እንደ ሴራ፣ መቼትና ጭብጥ ያሉ ታሪኩ የተዋቀረባቸውን ክፍሎች) መተንተን ቀላል ሥራ ይመስላል። ብዙዎች የሚሳሳቱትም ከዚሁ ግምት ተነሥተው ነው። ስህተቶቹን ለማሳየት፣ ሞሪስ ሴንዳክ እ.ኤ.አ. በ1963 ያሳተመውንና ማክስ የተባለ ልጅ በጥፋቱ ራት ሳይበላ ወደ መኝታው ከተላከ በኋላ ወደ አውሬዎች አገር የሚጓዝበትን «Where the Wild Things Are» የተሰኘ መጽሐፍ እንደ ምሳሌ እወስዳለሁ።

በጣም የተለመደው ስህተት ታሪኩን መልሶ መተረክ ነው። ልጁ ሄደ፣ ነገሠ፣ ተመለሰ ብሎ መዘርዘር አጽመ ታሪኩን ያሳውቅ እንደሆነ እንጂ ሴራውን አያሳይም። ሴራ በምክንያትና በውጤት የተሳሰረ ስለሆነ፣ ተንታኙ ልጁን ለጉዞ ያነሣሣው ግጭት ምን እንደነበረ፣ የት እንደከረረና በምን እንደተፈታ መግለጽ ይጠበቅበታል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን፣ በእኔ እምነት፣ ሥዕሉን እንደ ማስጌጫ ቆጥሮ ጽሑፉን ብቻ መመርመር ነው። በሴንዳክ መጽሐፍ የመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች በሰፊ ነጭ ኅዳግ የተከበቡ ትንንሽ ሥዕሎች ሲሆኑ፣ የማክስ ምናብ እየገነነ ሲሄድ ሥዕሉም አብሮ እየሰፋ ኅዳጉን ይውጠዋል፤ ልጁና አውሬዎቹ በሚጨፍሩበት ጊዜ ደግሞ ስድስት ተከታታይ ገጾች ያለ አንዲት ቃል በሥዕል ብቻ ይሞላሉ። እንግዲህ ጽሑፉን ብቻ የሚያነብ ሰው የታሪኩን ጡዘት፣ ማለትም ከፍተኛውን ነጥብ፣ ሳያየው ያልፋል ማለት ነው። ንግሩም፣ ማለትም ወደፊት የሚመጣውን አስቀድሞ የሚጠቁመው ምልክት፣ ያለው በሥዕሉ ውስጥ ነው፤ ማክስ ገና ከቤቱ ሳይወጣ፣ እርሱ ራሱ የሣለው አውሬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል። ይህች ትንሽ ሥዕል የአውሬዎቹ አገር ከልጁ ልብ የወጣ መሆኑን አስቀድማ ትጠቁማለች።

መቼትን በቦታ ብቻ መወሰንም ሌላው ስህተት ነው። ቃሉ ራሱ መቼንና የትን አጣምሮ የያዘ ሆኖ ሳለ ጊዜው ይዘነጋል። ማክስ ከዓመት በላይ እንደተጓዘ ይነገረናል፤ ሲመለስ ግን ራቱ ትኩስ ነው። በመስኮቱ የምትታየው ጨረቃ ደግሞ በመጀመሪያ ማጭድ መስላ ቆይታ በመጨረሻ ሙሉ ሆናለች። እነዚህን የማይገጥሙ የጊዜ ልኮች የደራሲው ስህተት አድርጎ ከመውሰድ ይልቅ፣ በምናብና በገሃዱ ዓለም መካከል ያለው ድንበር የት እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

ምናባዊ ታሪክ ሕግ የለውም ብሎ ማሰብም ያሳስታል። አውሬዎቹ ለማክስ የሚገዙት ዓይናቸውን ሳይርገበገብ ትክ ብሎ በማየቱ ነው፤ ይህ የዚያ ዓለም ሕግ ስለሆነ ተለይቶ ሊጠቀስ ይገባል።

በመጨረሻም ጭብጥን፣ ማለትም የታሪኩን ማዕከላዊ ሐሳብ፣ ከምክር ጋር ማምታታት አለ። «ልጆች ወላጆቻቸውን ይታዘዙ» የሚለው ምክር ከዚህ መጽሐፍ ጋር አይሄድም፤ ማክስ ይቅርታ ሲጠይቅ አናይምና። እናቱ በየትኛውም ሥዕል ላይ አትታይም፤ የመጨረሻው ገጽም ሥዕል የለውም፤ ምግቡ እንዳልቀዘቀዘ የሚናገሩ ጥቂት ቃላት ብቻ ተጽፈውበታል። ስለ ቁጣና ስለ ፍቅር የሚጻፍ ትንተና መነሣት ያለበት ከዚያ ሥዕል አልባ ገጽና ከዚያ ትኩስ ራት ነው።