የ8086ን ሴግመንት በእጃችሁ ሞክሩት

ሴግመንት፣ ማለትም ሜሞሪን በክፍል በክፍል የማመልከት ዘዴ፣ ሲነሳ ፊቱን የሚያጠቁር ፕሮግራመር ብዙ ነው። እኔ ግን ጠበቃው ነኝ። ኢንቴል በ1978 ያወጣው 8086 ፕሮሰሰር ሬጅስተሮቹ (በውስጡ ቁጥር የሚይዝባቸው ቦታዎች) 16 ቢት ናቸው፤ በ16 ቢት ከ64 ኪሎባይት አይታለፍም። የአድራሻ መስመሮቹ ግን 20 ናቸው፣ 1 ሜጋባይት ማለት ነው። ሁለቱን ያገናኘው ሴግመንት ነው።

ቨርቹዋል ማሽን ላይ ፍሪዶስን (ነጻውን የዶስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ጫኑ። በሲኤልኤስ ስክሪኑን አጽዱ፤ አለዚያ መስመሮቹ ወደ ላይ ሲገፉ የምንጽፈው ፊደል አብሮ ይሄዳል። ከዚያ ሜሞሪን ማየትና መቀየር የሚያስችለውን ዲበግን አስነሱና ይህን በላቲን ፊደል ተይቡ፦

ኢ ቢ800:9ኢ 41 1ኢ

«ኢ» ጻፍ ማለት ነው፤ ቢ800 የስክሪኑ ሜሞሪ ሴግመንት፣ 9ኢ ኦፍሴቱ (ከሴግመንቱ መነሻ ያለው ርቀት)፣ 41 ፊደሉ፣ 1ኢ ቀለሙ ነው። ኢንተር ስትመቱ ከላይ በቀኝ ጥግ፣ ሰማያዊ መደብ ላይ ቢጫ «ኤ» ብቅ ይላል። ፕሮሰሰሩ ያደረገው ቀላል ነው፦ ሴግመንቱን በ16 አባዛ፣ ኦፍሴቱን ደመረ። በሄክስ (በ16 መሠረት በሚቆጠር ቁጥር) በ16 ማባዛት መጨረሻው ላይ ዜሮ መጨመር ነው። ቢ8000 ሲደመር 9ኢ፣ ቢ809ኢ። በቃ።

አሁን ደግሞ ከሌላ አድራሻ ሁለት ባይት እንዲያሳየን፦

ዲ ቢ809:ኢ ኤል2

ያው 41 እና 1ኢ ይመጣሉ። ለአንድ ቦታ ሁለት አድራሻ! ብዙዎች የሚያማርሩት በዚህ ነው። እኔ የምወደውም ይህንኑ ነው። ሴግመንት በየ16 ባይቱ መጀመር ስለሚችል ዶስ ፕሮግራሙን ክፍት ባገኘበት ያስቀምጠዋል፤ የሚባክነው ሜሞሪ ኢምንት ነው።

«አር» በሉና አራቱን የሴግመንት ሬጅስተሮች፣ ሲኤስን፣ ዲኤስን፣ ኤስኤስንና ኢኤስን እዩ። አራቱም እኩል ናቸው፣ አይፒ (የሚቀጥለው ትእዛዝ ኦፍሴት) ደግሞ 0100 ላይ ነው። የኮም ፕሮግራም (ቀላሉ የዶስ ፕሮግራም ዓይነት) ሁሌም በ100 የጀመረ ይመስለዋል። የትም ይጫን፣ ከውስጡ አንድ ባይት አይነካም፤ የሚቀየረው የሴግመንቱ ቁጥር ብቻ ነው። አድራሻዎቹም በ2 ባይት ያልቃሉ። የ1981ዱ አይቢኤም ፒሲ ከ16 ኪሎባይት ሜሞሪ ጀምሮ ይሸጥ እንደነበር አስቡት። እዚያ ላይ እያንዳንዷ ባይት ዋጋ ነበራት።

ከ64 ኪሎባይት የሚበልጥ ዳታ ሲመጣ ግን ያስቸግራል። ሴግመንቱን እየቀያየሩ መሄድ ግድ ነው፣ ይህን አልክድም።

ከመውጣታችሁ በፊት «ዲ ኤፍኤፍኤፍኤፍ:0» በሉ። 8086 ኃይል ሲያገኝ የመጀመሪያ ትእዛዙን የሚያነበው ከዚህ ነው። እስከ ሜጋባይቱ ጫፍ 16 ባይት ብቻ ስለሚቀር፣ እዚያ የሚገኘው ወደ ባዮስ (ኮምፒውተሩን ወደሚያስነሳው ፕሮግራም) የሚያዘልል ትእዛዝ ነው። መውጫው «ኪው» ነው።